የአስማማው አፍ ዘበኛ

ይህች ታሪክ አንዲት ጠብታ ውኃ ያልገባባት እውነት ናት። ሐሰት ከሆነች የአሶሳ ማንጎ በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ኮሶ ይምረር!

ክልሉ ገና አዲስ ሳለ፣ የአሶሳ ቢሮዎች ከወንበር በፊት ማኅተም ባገኙበት ዘመን፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አስማማው ትንኝ ብትነክሰው «ጎሽ ወጋኝ» ብሎ ሦስት ቀን የሚያነክስ ሰው ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሃምሳን የተጠጋ፣ ልጅ ያልወለደ። ታዲያ ጎረቤቱ ደጊቱ ወንድ ልጅ ወልዳ «ጋሽ አስማማው፣ እሑድ ክርስትና አንሣልኝ» ስትለው ደስታው አሶሳን ሁለት ጊዜ ዞሮ ተመለሰ።

የነፍስ አባቱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለገዛ አፍህ ዘበኛ ሳታቆም ለሕፃን ነፍስ እንዴት ዋስ ትሆናለህ? ነፍስ በር አላት ልጄ፤ በሯም አፍ ነው። ሌባው እስክታንቀላፋ ያደባል። እስከ እሑድ ንቃ። አንዲት ነገር ሳትጨምር ከሰነበትህ ታነሣለህ፤ ከጨመርህ ሌላ ሰው ይፈለጋል።»

አስማማው ዘበኛ ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ የቢሮውን በር የሚጠብቀውን፣ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ የሆነውን ሻዕባንን። ሰኞ ማለዳ ሄዶ «ሻዕባን ወንድሜ፣ ነፍሴን ጠብቅልኝ» አለው።

«ነፍስ?» አለ ሻዕባን ደንግጦ። «እኛ ሙስሊሞች ጋ ነፍስ ራሱ ሌባ ነው! ሌባ አይጠበቅም፤ ይፈተሻል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአስማማው አፍ የሚወጣ ሁሉ በር ላይ ይፈተሽ ጀመር።

«ትናንት የወረደው በረዶ የፈረስ ጭንቅላት...»

«ቁም! ፍተሻ!»

«እሺ፣ የዶሮ እንቁላል...»

«ኪስ ገልብጥ!»

«ሽምብራ! ሽምብራ ቢያህል ነው!»

«እለፍ።»

ሐሙስ ዕለት ሰይጣን ራሱ ከረባት አስሮ መጣ። ከላይ የተላኩ እንግዶች «ስንት መዝገብ አደራጃችሁ?» ብለው ጠየቁት። ዐሥር ሺህ የምትለዋ ቃል እንደ ኮርማ ጉሮሮውን ወጋችው። ጥርሱን ሲነክስ ሁለት መንጋጋው ተሰነጠቀ፤ ላቡ ወለሉን ጭቃ አደረገው። በመጨረሻ «አርባ ሁለት» አለ። እንግዶቹ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ «ከተወለድን እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምተን አናውቅም» ብለው ጫማውን ሊስሙ ተደፉ። ሻዕባን ከበሩ ላይ «እለፍ!» ሲል ድምፁ ባምባሲ ድረስ ተሰማ።

እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደጊቱ ሕፃኑን ታቅፋ፣ አስማማው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሙ። ይህን ሁሉ አንዲት ሳያስቀር ለነፍስ አባቱ ተረከላቸው።

«ጫማህንስ እኔም እስም ነበር» አለች ደጊቱ ሳቋን እየዋጠች። «ልጄ አፍህን እንዳይወርስ ብቻ።»

«ምስክር አለህ?» አሉ አባ።

«እንዴታ! ያውልዎ ሻዕባን፤ ደጊቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊላት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።»

ሻዕባን ተጠርቶ ቀረበ። አስማማውን አየ፤ ሕፃኑን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አማርኛውን እየሰባበረ፣

«አባ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ አሶሳ የለም» አለ። «እናቴ ታሞ ሆሞሻ ነበርኩ። ከመኪና የወረድኩት አሁን ነው።»