የዳንሊን መጨረሻ

ሚስ ኮበርን የአባታቸውን መርከብ ታሪክ መተረክ የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከቤታቸው ወጥተው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጡ ነው። በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የአምሳለን ክንድ ይይዙና፣ «እንግዲህ ዳንሊን ውሃ ላይ የወረደች ዕለት...» ይላሉ። ከዚያ የሎስ አንጀለስን የፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር መንገዶች ቀስ እያሉ ሲዞሩ መርከቧም አብራቸው ትዞራለች። አሮጊቷ ደክሟቸው አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሲያርፉ መርከቧም ወደብ ገብታ ከሰል ትጭናለች።

አምሳለ ለሥራ የተቀጠረችው እሳቸውን ለማጠብ፣ ለማብላት፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ለማስዋጥና ከሰዓት በኋላ ለማንሸራሸር ነበር። ታሪክ መስማት በውሉ ውስጥ አልነበረም። ሚስ ኮበርን እንግሊዝ አገር ተወልደው በወጣትነታቸው አሜሪካ የመጡ፣ ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ፎቶግራፋቸውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ዘመድ የላቸውም። ያለቻቸው ዳንሊን ናት።

ዳንሊን ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጀመሪያዎቹ ዲስትሮየሮች አንዷ ነበረች፤ ቶርፔዶ ይዘው በጨለማ የሚመጡ ትንንሽ ጀልባዎችን እያሳደዱ እንዲያጠፉ ከተሠሩት። ረጅምና ቀጭን ናት፤ አራት ጭስ ማውጫ አላት። ፊቷ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ ስለሆነ ማዕበሉን ከላዩ እንደማለፍ ውስጡ ትገባለች፤ ላይዋ የቆመ መርከበኛ ሳይደርቅ እንደገና ይረጥባል። ብረቷ ከመሳሳቱ የተነሣ ቀለም የሚፍቁትን፣ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ባሕሩን ልታስገቡብን ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በተሞከረችበት ቀን እንደ ወፍ በረረች፤ ያንን ፍጥነት ግን ከዚያ በኋላ ደግማው አታውቅም። ማልታ ድረስ ሄዳለች። በጭጋግ ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ ጋር ተጋጭታ ፊቷ ተጣሞ ተጠግኗል። አርጅታ ልትሸጥ ስትል ያ ትልቁ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና፣ እንደ ጡረተኛ ወታደር ተጠርታ ጠረፍ ጠባቂ ሆነች። የሚስ ኮበርን አባት በታችኛው ክፍል፣ እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር አፍ ላይ ከሰል የሚያነድዱ ሰው ነበሩ።

ታሪኩ ሁልጊዜ እዚያ ይቆማል። ጦርነቱ ሦስተኛው ክረምት ላይ ሲደርስ ሚስ ኮበርን፣ «ቀሪው ለሌላ ቀን» ይላሉ። በማግስቱ ግን ዳንሊን እንደገና አዲስ ሆና ውሃ ላይ ትወርዳለች። አምሳለ ነገሩ የእርጅና መርሳት ይመስላት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሰለቸው ነበር። እሷን ያልሰለቻት የራሷም ሰው ባሕር ላይ ስለነበረ ነው። ባሏ ዓለምሰገድ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ጀልባ የሞተር ባለሙያ ነው። እሷ በሱዳን አድርጋ ስትወጣ እሱ መልቀቅ ስላልተፈቀደለት ቀረ። ከመለያየታቸው በፊት የተስማሙት አንድ ነገር ነበር። ጀልባዋ ለጥገና ወደ የመን፣ ወደ አደን ወደብ ስትላክ እሱ ይወርዳል፤ ከወረደ አይመለስም። ከአደን በኋላ ያለው መንገድ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ ማብቂያው የእሷ ሰፈር ፌርፋክስ ነው። እሷ የምትኖረው ሁሉ፣ የምትሠራው ሁሉ ለዚያች ለአንዲት የጥገና ጉዞ ነበር። ጥገናው ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋል።

የሚላላኩት በካሴት ነበር፤ ተጓዥ ሲገኝ። ምን እንደምትነግረው ሲጠፋት፣ ሥራ ከባድ ነው፣ ብቻዬን ነኝ ማለትም ስላልፈለገች፣ አንድ ቀን ዳንሊንን ተረከችለት። መልሱ ከብዙ ወር በኋላ ሲመጣ ዓለምሰገድ ገና ከጅምሩ እየሳቀ ነበር።

«ያቺ መርከብ የእኛዋ ታላቅ እኅት ናት» አለ። «የእኛም ሞተር በዕድሜ ይበልጠኛል። አንቱ እያልኩ ነው ዘይት የማጠጣው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ታች ሲሆን ቀን ይሁን ሌሊት እንደማያውቅ ነገራት፤ ተራው ሲያልቅ ወደ ላይ ወጥቶ ከሁሉ በፊት ሰማዩን እንደሚያይ ነገራት። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ «ለመሆኑ መጨረሻዋ ምን ሆነ? አሮጊቷን ጠይቂያት እንጂ። ሳልሰማ እንዳታስቀሪኝ» አለ።

ሚስ ኮበርንን ጠየቀቻቸው። ለሌላ ቀን አሉ። እሷም ባዶ ካሴት ገዝታ ለዚያ ቀን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ወራት አለፉ፤ ከምጽዋ ምንም አልመጣም።

ሰሞኑን ሰዉ ሁሉ ደግ ሆኖባታል። ጋሼ አድማሱ፣ ታክሲ የሚነዱት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝተው እስከ ቤቷ አድርሰዋታል፤ የወትሮ ጨዋታቸውን ግን አልተጫወቱም። ፌርፋክስ ላይ አብራት የምትኖረው ሠናይት ወደምትሠራበት ምግብ ቤት አምሳለ ስትገባ ወሬው ይቋረጥና ሁሉም ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለ አየር የሚወራ ነገር የለም። አምሳለ ይህን አየች፤ ግን ያየችውን ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

አርብ ዕለት ሚስ ኮበርን ለሽርሽር አልተዘጋጁም። አምሳለ ስትገባ ራሳቸው ሻይ አፍልተው፣ ሁለት ስኒ አቅርበው፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውሃ እንዲያፈሉ አይፈቀድላቸውም። ተቃጥለው እንደሆነ ብላ ጣቶቻቸውን አየች።

«ተቀመጪ» አሏት። «ዛሬ መጨረሻውን እነግርሻለሁ።»

አምሳለ ደስ አላት። የመጀመሪያ ሐሳቧ ካሴቱ ነበር፤ ማታ ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ ስትቀዳ፣ እሱ ደግሞ ሲሰማው ታያት።

ሚስ ኮበርን ዛሬ ከጅምሩ አልተነሡም። በየካቲት ወር፣ በረዶ እየጣለ፣ ዳንሊን ለጥበቃ ከወደብ ወጣች አሉ። ከሩቅ የነበረ ሌላ መርከብ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ ሰማ። ሲደርስ የተሰባበረ እንጨትና የመርከበኛ ኮፍያዎች ውሃው ላይ ነበሩ፤ ሌላ ምንም የለም። ፈንጂ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ያየ ሰው ግን አልነበረም።

«እናቴ እስክትሞት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «በዚያ ሰዓት ታች ነበር ወይስ ላይ? ላይ ከነበረ ሰማይ አይቷል ማለት ነው። የሚነግራት ሰው አላገኘችም።»

አምሳለ በአገሯ እንደሚባለው ነፍስ ይማር ለማለት የእንግሊዝኛ ቃል ፈለገች። ሚስ ኮበርን ግን አልጨረሱም።

«እኔ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። አልነገሩኝም። ልጅ ናት፣ ትንሽ ትቆይ አሉ። ዳቦ ሻጩ ያውቃል። አስተማሪዬ ታውቃለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ የወደቡ ግንብ ላይ እወጣና አራት ጭስ ማውጫ እፈልጋለሁ። እስከ በጋ ድረስ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለእኔ አስበው ነው። ግን ሁሉም ያዩኝ ነበር፤ ግንቡ ላይ ስወጣ።»

ስኒያቸውን አነሡና ሳይጠጡ መለሱት። አምሳለ ፊታቸውን ማየት ስለከበዳት ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች። እዚያ የሥራ ቀኖቿ የሚጻፉበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ነገ ቅዳሜ ስሟ ተሰርዞ የሌላ ሠራተኛ ስም ተጽፏል። እሑድም። የሚቀጥለው ሳምንትም በሙሉ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ፣ ግን አሁንም የአስተማሪ በሆነ ጽሕፈት።

ፈቃድ አልጠየቀችም ነበር።

ባለፈው ዓመት የጓደኛዋ የእታገኘሁ እናት አገር ቤት ሲያርፉ፣ መርዶው ቅዳሜ ንጋት እንዲነገራት ሽማግሌዎቹ ወስነው፣ እታገኘሁ ለምትሠራበት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ አለቃ ደውሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሲፈለግ፣ እንግሊዝኛሽ ይሻላል ተብላ የደወለችው አምሳለ ነበረች። አለቃዋን ለምናለች፤ እባክዎ ለእሷ ምንም አይንገሯት፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው ወጉ ብላለች። ስልኩን ስትዘጋም ሥራ ስለተቃና ደስ ብሏት ነበር። አለቃዋ ያንን ይዛ አርብን እንዴት እንደዋለች አላሰበችም። ማንም አያስብም። ፈረንጅ ናት እኮ፤ ምን ይሰማታል።

አሁን ሁሉም ነገር፣ የጋሼ አድማሱ ዝምታ፣ የምግብ ቤቱ የአየር ወሬ፣ የሻዩ ሁለት ስኒ፣ አንድ በአንድ መጥቶ ፊቷ ተቀመጠ።

«ሠናይት ደወለችልዎት?» አለች።

ሚስ ኮበርን እጆቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ።

«ቃል ገብቻለሁ» አሉ። «ቃል ገብቻለሁ፣ ልጄ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር።

አምሳለ ተነሥታ ስኒዎቹን አጠበች፤ አደረቀች፤ ቦታቸው መለሰች። መድኃኒታቸውን ሰጠች። ጫማቸውን አውልቃ እግራቸውን ትራስ ላይ አደረገችላቸው። ልትወጣ ስትል ሚስ ኮበርን የእጅጌዋን ጫፍ ያዙና ትንሽ ቆይተው ለቀቁት።

የፒኮን መንገድ ይዛ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። አውቶቡሱ ሁለቴ አለፋት። ልታለቅስ ፈለገች፤ ግን መንገድ ላይ፣ ብቻዋን፣ ማንም ሳይነግራት እንዴት ይለቀሳል? እነ ጋሼ አድማሱ ቀን ቆርጠዋል። ሴቶቹ ነገ ይዘውት የሚመጡትን ምግብ ይኸኔ እየሠሩ ነው። እንግዲህ አውቃለሁ ብትላቸው፣ ለእሷ ብለው የተሸከሙትን ሁሉ መንገድ ላይ ማስጣል ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ይህንን ለራሷም በግልጽ አላለችውም። ካልተነገራት ዓለምሰገድ እስከ ነገ አለ። እስከ ነገ አደን ሊሄድ ይችላል።

ሠናይት ከወትሮዋ ቀድማ ገብታ ጠበቀቻት። ፊቷን ተኳኩላለች፤ ሬዲዮኑ ተከፍቷል።

«ሶ፣ ያቺ መርከብሽ ዛሬስ የት ደረሰች?» አለቻት እየሳቀች። «አሁንም ማልታ ፓርክ አድርጋ ነው?»

«ወደብ ገባች» አለች አምሳለ።

«ተመስገን ነው። እኛም አረፍን።»

ሠናይት ይህን ብላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። የታጠበ ሳህን አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምሳለ ያላየች መስላ መኝታ ቤት ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ያቺ ልጅ እፎይ ብላ እንድታለቅስ።

ንጋት ላይ ታጥባ የሥራ ልብሷን ለበሰች። ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ። ጫማዋን አሰረች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ምንም እንደማታውቅ ሴት፣ ወደ ሥራዋ እንደምትሄድ ሴት ሆና ሊያገኟት ይገባ ነበር። በመስኮቱ ስታይ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የምታውቃቸው መኪኖች ተደርድረዋል። የጋሼ አድማሱ ታክሲ ከፊት ነው። ሰዎቹ በሮቹን ድምፅ እንዳያሰሙ በእጃቸው ደግፈው ሲዘጉ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አየች። እታገኘሁ ከሁሉ ኋላ ነበረች፤ ድስት ታቅፋለች።

ሲያንኳኩ ራሷ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ምነው በጠዋት? ደኅና ናችሁ?» አለች። ማለት ያለባት ይህንን ነበር፤ አለችው።

ጋሼ አድማሱ የሥራ ልብሷን አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። በዚህ ከተማ የብዙ ሰው መርዶ ነግረዋል፤ አካሄዱን ያውቁበታል። ሶፋው ላይ እንድትቀመጥ ለመኗት። አልተቀመጠችም። እሳቸው ግን ጀመሩ። ስለ ሰው ልጅ አላፊነት አነሡ፣ ስለ ኢዮብ አነሡ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አነሡ። አምሳለ አላቋረጠቻቸውም። ቀስ እያሉ፣ እየዞሩ፣ እየተጠጉ መጡና፣ ጀልባዋ ከምጽዋ ወጥታ ዳህላክን ሳታልፍ እንደቀረች፣ የተረፈ እንዳልተገኘ፣ አገር ቤት ቤተሰብ ለቅሶ ከተቀመጠ ወር እንደሆነው ተናገሩ። ስሙን ጠሩት።

ሴቶቹ እሪ ለማለት የእሷን ድምፅ ይጠብቁ ነበር። ሠናይት ልትይዛት እጇን ዘርግታለች።

«ጋሼ» አለች አምሳለ። «ታች ነበር ወይስ ላይ?»

ጋሼ አድማሱ ለእንዴት፣ ለመቼ፣ ለማን ነገራችሁ መልስ ይዘው መጥተው ነበር። ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «እሱን የነገረን የለም።»

አምሳለ ያን ጊዜ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው።