የእሁዱ መንገድ

የፓርኩ ጠባቂ ዮርሌኒ ወደ ቬርናልና ሚስቱ ኢሚልዳ ቤት ስትመጣ ቬርናል በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ የማያየውን ባሕር ያዳምጥ ነበር። ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

“እንደምን አረፈዱ፣ ዶን ቬርናል? ዶኛ ኢሚልዳስ ደህና ናቸው?”

“ደህና ነኝ፣ ዓሣ እየጠበስኩ ነው! ሳትበዪ እንዳትሄጂ!” የሚል ድምፅ ከማድቤት መጣ።

ዮርሌኒ ነገሩን አላዞረችውም። የዘንድሮው ማዕበል ጥቁሩ ገደል ሥር ያለውን መንገድ ጠራርጎ ወስዶታል። ከመንደራቸው ከግሬፕ ቤይ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ፓርኩን አቋርጦ ሳልት ክሪክ የሚደርሰው መንገድ መሃሉ ላይ ተቆርጧል። በብስክሌትም በእግርም የመጣ ሰው ገደሉ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ድሮ ግን፣ የመኪና መንገድ ሳይገባ፣ ሰዎች በኮረብታው ጀርባ በአሮጌው የካካዎ እርሻ በኩል እየቆረጡ ይሄዱ እንደነበር ሽማግሌዎች ነግረዋታል። መነሻው የቱ ጋ እንደሆነ የሚያስታውስ ነው የጠፋው።

“ማንንም ብጠይቅ ‘ቬርናልን ጠይቂ’ ነው የሚሉኝ” አለች።

ቬርናል ደረቱን ነፋ አደረገ። ሃያ ሁለት ዓመት የዚያው ፓርክ ጠባቂ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ብርሃንና ጥላን ይለያል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ እሱን ፈልጎ የመጣ ሰው የለም።

“ዓይኔ ቢደክም እግሬ ያውቀዋል” አለ።

“እግርህ ትናንት የማድቤቱን ደረጃ መች አወቀና!” አለች ኢሚልዳ ከውስጥ።

“ሰማሻት? አርባ አራት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። እኔ መቼ ላገባት አስቤ! ተከትላኝ መጥታ ነው።”

ኢሚልዳ የዓሣ መገልበጫውን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። “እኔ? አንተን? ስሚ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አባቴ ደጅ ስድስት ወር ሙሉ ሲመላለስ ሣር እንኳን እንዳይበቅል አድርጎ ነው የረገጠው። እኔ ከአጎቴ ጋር በጀልባ ሳልት ክሪክ ዓሣ ልንገዛ ብንሄድ፣ ክሪኬት የሚሉትን የኳስ ጨዋታ ሲጫወት ድንገት ዓይኑ አረፈብኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መላቀቅ የለም።”

ይህን ክርክር የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። ሁልጊዜም የምታሸንፈው እሷ ናት፤ ቬርናል ደጃቸው ሲንገላወድ ያየ ምስክር ሞልቷልና። ቬርናልም ቢሆን የሚከራከረው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ሽንፈቱን ከተቀበለ ቆይቷል።

ኢሚልዳ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ዮርሌኒ የምትፈልገውን መንገድ እሷ ታውቀዋለች። መነሻው ዳቦ የሚመስል ፍሬ የሚሰጡ ሁለት የዳቦ ፍሬ ዛፎች ተቃቅፈው የቆሙበት ቦታ ነው። ይህን አፏን ሞልታ መናገር ትችል ነበር፤ ግን ያን ከተናገረች “እንዴት አወቅሽ?” መባሉ አይቀርም።

ሐሙስ ጠዋት ተነሱ። ጎረቤታቸው ሂውበርት ለቱሪስቶች የሚያከራየውን ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት አመጣላቸው። ኢሚልዳ ከፊት፣ ቬርናል ከኋላ ወጡ። ዮርሌኒ በራሷ ብስክሌት ቀደም ቀደም አለች።

“መሪውን አታስጨንቂው፣ ላላ አድርገሽ ያዢው” አለ ቬርናል ገና ከደጃቸው ሳይወጡ።

“አንተ ፔዳሉን ምታ፤ መሪው የኔ ነው።”

“ወደ ግራ እያዘነበልሽ ነው።”

“አንተ ነህ የምታዘነብለው! ሆድህን ወደ መሃል መልሰው።”

የሂውበርት ሚስት በሳቅ እየተንፈራፈረች ከኋላቸው አጨበጨበች። የፓርኩን መግቢያ ካለፉ በኋላ ግን መንገዱ ደልዳላ፣ አሸዋው ጠንካራ ሆነ፤ ብስክሌቱም ተገራላቸው። በቀኝ በኩል የባሕር ለውዝ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ በቅጠሉ መሃል ባሕሩ ብልጭ ይላል። ሰማያዊ ሸርጣኖች ጎማው ሲደርስባቸው በጎን በጎን እየሮጡ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ከላይ የዚያ አገር ጯሂ ጦጣዎች እንደ አንበሳ ያጓራሉ።

የእንጨቱ ድልድይ ከጎማው ሥር ሲንኳኳ ቬርናል “ሦስተኛው ድልድይ” አለ። “ሁለተኛው ሳንቃ ተሰብሯል፣ ድምፁ ተለውጧል። ለዮርሌኒ ንገሪያት።”

ዮርሌኒ ተመልሳ አየችው፤ እውነትም ተሰንጥቋል። ኢሚልዳ ጀርባዋን ብቻ ሰጥታው ስለነበር ፈገግታዋን አላየም፤ ዞራለትም ቢሆን አያየውም። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሲዝናና አላየችውም። ፔዳሉን የሚመታው እንደ ጎረምሳ ነው፤ ዳገቱ ላይ እሷ ስትደክም ኃይሉ ከኋላ ሲገፋት ይሰማት ነበር።

ብስክሌቶቹን ገደሉ ሳይደርሱ አቆሟቸውና በእግር ጉዞ ጀመሩ። ቬርናል አንድ እጁን ዮርሌኒ ትከሻ ላይ ጣለ፣ በሌላው በትሩን ይዟል። ኢሚልዳ ከኋላ ሆና ውኃውንና ምሳቸውን ተሸከመች።

“ከገደሉ በፊት ትንሽ ጅረት አለ። ጅረቱን ይዘን ወደ ላይ ነው” አለ ቬርናል።

የዳቦ ፍሬ ዛፎቹን በስተግራ እያለፏቸው ነው። አርጅተዋል፣ ሐረግ ተጠምጥሞባቸዋል፤ እንደ ድሮው ግን ተቃቅፈዋል። ኢሚልዳ ቆም አለች። ከዚያ ቅርጫቷን አስተካክላ ተከተለቻቸው። ምናልባት ከላይ በሌላ በኩል ያገኘው ይሆናል ብላ አሰበች።

ጅረቱ ወደ ረግረግ አስገባቸው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ እስከ ጉልበት ደረሰ። ተመለሱ። ቬርናል “እንግዲያውስ ከዝምባባው በላይ ነው” አለ። ከዝምባባው በላይ ሄዱ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው ረግረግ ወጡ። ዮርሌኒ በገጀራዋ እየመነጠረች ሦስተኛ ሞከሩ። ሦስተኛውም ያው ሆነ።

“አንድ የተጋደመ ግንድ አለ አይደል?” አለ ቬርናል በትሩ ሲነካው። ድምፁ ቀንሷል።

“አለ፣ ዶን ቬርናል።”

“ቅድምም ነበር?”

ዮርሌኒ ውኃ አቀረበችለት። እሱም ገባው። ግንዱ ላይ ተቀመጠና በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

“በእርግጥ ያንን መንገድ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው” አለ ቆይቶ። “በልጅነቴ፣ ከአያቴ ጋር። ፓርኩ ስቀጠር ሁላችንም በባሕሩ ዳር ነበር የምንሄደው። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ሰው ሲፈልገኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ፤ ቀንሽን አቃጠልኩብሽ።”

ዮርሌኒ “ኧረ ምንም አይደል” አለች። ቬርናል ግን ፊቱን ወደ ምድር አድርጎ ነበር። ጭቃ የለበሱት ትልልቅ እጆቹ በትሩ ላይ ዝም ብለው ተጋድመዋል። ኢሚልዳ እነዚያን እጆች አየች። አርባ አራት ዓመት ያሸነፈችው ክርክር ድንገት ምኑም አላስጎመጃትም።

“መነሻውን አልፈነዋል” አለች።

“የምኑን መነሻ?”

“የመንገዱን። ሁለቱ የዳቦ ፍሬ ዛፎች ጋ ነው። ከዚያ በካካዎው መሃል፣ ከዚያ ነጩ የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉ፣ እንደ ደረጃ የተጠረበበት አለ። ከኮረብታው አናት ሳልት ክሪክ ይታያል።”

ቬርናል ፊቱን ወደ ድምፅዋ መለሰ። “አንቺ እንዴት አወቅሽ?”

“ሄጄበት ነዋ።”

“መቼ?”

ኢሚልዳ የያዘችውን ቅርጫት መሬት አስቀመጠች። “የክሪኬቱ ጊዜ። እሁድ እሁድ።”

“በጀልባ ነው የመጣሽው። ከአጎትሽ ጋር።”

“አጎቴ እሁድ ቀን ከአልጋው ተነስቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ እህቴ ሳልት ክሪክ ያለ አንድ ረጅም ልጅ ኳስ ሲወረውር እንደ ዳንስ ነው አለችኝ። ልየው ብዬ ሄድኩ። ከዚያ... ከዚያ ሌላም እሁድ ሄድኩ።”

“ስንት እሁድ?”

“እኔ ቆጥሬዋለሁ?”

“ኢሚልዳ።”

“አሥራ አንድ” አለች። “አሥራ አንድ እሁድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ሳልት ክሪክ ስደርስ ወንዙ ዳር እግሬን ታጥቤ ጫማዬን አድርጌ፣ ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ከሴቶቹ ጋር እቆም ነበር። አንተ ዞር ብለህ ያየኸኝ በአሥራ አንደኛው ነው፣ አንተ ደነዝ!”

ዮርሌኒ ስልኳን አውጥታ የምታይ መሰለች። ከዚያ ቬርናል ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው የተነሳው፤ ግንዱን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ፣ ከዚያም እንባውን በክንዱ ጠረገ።

“ጨርሰሃል?” አለች ኢሚልዳ። ፊቷ ይቃጠል ነበር።

“አልጨረስኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ብስቅም አይበቃኝም።” እጁን ዘረጋ። “ነይ፣ ምሪኝ።”

ወደ ኋላ ተመልሰው በሁለቱ ዛፎች መሃል ገቡ። ዮርሌኒ ከፊት ሐረጉን እየቆረጠች በየጥቂት እርምጃው ቀይ ሪባን ታስራለች፤ ኢሚልዳ “ወደ ቀኝ፣ አሁን ቀጥ በዪ” ትላለች። ቬርናል በዚህ ጊዜ እጁን የጣለው ሚስቱ ትከሻ ላይ ነው። ካካዎዎቹ ዱር ሆነዋል፣ ፍሬያቸውን ጦጣ በልቶታል፤ ግን በተርታ ቆመዋል። የኮራሉ ደረጃ በቅጠል ተቀብሯል። ኢሚልዳ በእግሯ ጠረግ ጠረግ ስታደርገው ነጭ ሆኖ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ ዛፍ ወድቆ ስለነበር ግራ ተጋባችና ቆመች። ቬርናል ጆሮውን አቀና።

“ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው የሚመጣው፤ ባሕሩም ከታች ይሰማኛል። አናቱ ሩቅ አይደለም” አለ።

ትክክል ነበር። ዛፉን ዞረው ሃያ እርምጃ ሳይሄዱ ከኮረብታው አናት ላይ ወጡ። ከታች የሳልት ክሪክ ነጭ አሸዋ ተዘርግቷል። ዮርሌኒ እንደ ልጅ ዘለለች፤ ከዚያ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። እዚያው ተቀምጠው የቀዘቀዘውን ዓሣ በዳቦ በሉ፤ ቬርናልም የክሪኬት ሜዳው ቦታ አሁን ምን እንደሚመስል ጠየቀ። ኢሚልዳ ኮኮናት እንደበቀለበት፣ ሁለት ላሞች እንደሚግጡበት ነገረችው።

ማምሻው ላይ ግሬፕ ቤይ ሲደርሱ ሂውበርት ብስክሌቱን ሊረከብ ወጣ። ሚስቱና ሌሎች ሦስት ሰዎችም አብረውት ቆመዋል።

“እህስ ቬርናል፣ አገኘኸው?”

“እኔማ ረግረግ ውስጥ ነው ያስገባኋቸው። ያገኘችው ኢሚልዳ ናት።”

“እሷ ደግሞ ከየት አወቀችው?”

ኢሚልዳ ብስክሌቱን እንደያዘች ጠበቀች። ከነገ ጀምሮ የመንደሩ መሳቂያ መሆኗ ነው።

“ልጅ ሆና ለካካዎ ሠራተኞቹ ዳቦ ትሸጥ ነበር” አለ ቬርናል፣ ቅንድቡ እንኳ ሳይንቀሳቀስ። “ይልቅ የብስክሌትህ ሰንሰለት ይጮኻል፣ ዘይት ቀባው።”

ቤት ገብተው እግሩን በሙቅ ውኃ ስታጥብለት ኢሚልዳ አላስቻላትም። “ለምን አልነገርካቸውም? አርባ አራት ዓመት ስትፈልገው የነበረ ነገር አይደል?”

“ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል?” አለ። “የኔ ነው። ለብቻዬ ላስቀምጠው።”

ኢሚልዳ እግሩን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ በሁለት እጇ ይዛው ቆየች።

መንገዱ የተከፈተው ባሕሩ ጸጥ በሚልበት በመስከረም ነው። ረግረጉ ዳር ሳንቃ ተነጠፈ፣ በዛፎቹ ሥር የብስክሌት ማቆሚያ ተሠራ፤ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ የሚመጣው ሰው ብዙ ሆነ። ቬርናልና ኢሚልዳ ሰው የማይበዛበትን የሥራ ቀን መርጠው ይሄዳሉ። የሂውበርትን ብስክሌት ያቆማሉ፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ቀስ እያሉ ይወጣሉ። አንድ ቀን ካካዎዎቹ መሃል ሲደርሱ ትከሻዋን ጫን አደረጋት።

“ያኔ እዚህ ጋ ስትደርሺ ምን ታስቢ ነበር?”

“ቀሚሴ እንዳይቀደድ።”

“ሌላስ?”

ኢሚልዳ ጥቂት እርምጃ ሄደች። “ሌላውን አናቱ ላይ እነግርሃለሁ። አሁን ትንፋሽህን ቆጥብ” አለችና ወደ ደረጃው መራችው።