ሃታን ላይ የከረመችው በግ

ማላን ልብስ ስታሰጣ ለእህቷ «የሱኔቫ በግ እኮ ድሮ ሞታለች፤ ባሌ ነግሮኛል» ስትል በአጥር በኩል ሰማኋት። ጆሮዬን እኔ አልላክሁትም፣ ራሱ ነው የሄደው። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ሱኔቫ።

ሱኔቫ ጓደኛዬ ናት። ባሏ ሲሞት የተወላት ሃታንን ነው። ሃታን ከባሕሩ መሃል የበቀለ ጥቁር ድንጋይ፣ ዙሪያው ገደል፣ ጀልባ የምትጠጋበት በምሥራቅ በኩል ያለች አንዲት ስንጥቅ፣ አናቱ ላይ የሽማግሌ ፀጉር የመሰለ ሣር፤ በቃ። እኛ የፋሮ ደሴቶች ሰዎች ዘንድ ደግሞ አንዲት በግ የብርዱን ወራት ከከረመችበት መሬት ነው፣ ባለቤቱም የግጦሽ ሸንጎ ገብቶ ይናገራል። ካልከረመች ድንጋይ ነው፣ ባለቤቱም ዝም። የማላን ባል ሃኑስ የሸንጎው አለቃ ነው። የሱኔቫን በጎች ከኮረብታው ሊያስወጣ ቋምጧል፤ ሸንጎ ካልገባች ማን ይከራከርላታል? እሷም ብርዱ ሳይገባ ግራጫዋን በግ በገመድ አስጎትታ እዚያ አስወጣቻት።

የሰማሁትን ብነግራት «ቆዳዋን ሳላይ አላለቅስም» አለችኝ። ብርዱ አልፎ በጓን የምታመጣው ጀልባ ጠዋት ሄዳለች። ወደቡ ላይ መንደሩ ግጥም ብሏል። ወገቤን ያመኛል እንጂ መጋፋት አላቃተኝም፣ ከፊት ቆምኩ።

ጀልባዋ ብቅ ስትል የእህቴ ልጅ ፓውሊ ከሩቅ ይጮሃል፦ «እትዬ ሱኔቫ! ምን አብልተሻት ነው? ለሦስት አቃተችን እኮ!»

በጓ እግሯ ታስሮ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ እንደ ሙሽራ ተሸክመው አወረዷት። ሱኔቫ ጣቶቼን ጨምቃ ልትሰብራቸው ደረሰች። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ።

ሃኑስ ግን መጣና የበጓን አፍ ከፍቶ አሸተተ።

«የባሕር አረም ነው የሚሸተው» አለ። «በስንጥቋ ወርዳ ባሕር የተፋውን ነው ስትበላ የከረመችው። ያበላት ባሕሩ ነው፣ መሬቱ አይደለም። ስለዚህ ሃታን ድንጋይ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱማ «እውነቱን ነው» ማለት ጀመረ። ሱኔቫ ጣቶቼን ለቀቀችና ሃኑስ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሃኑስ» አለችው ረጋ ብላ፣ «አንተም ከተወለድክ ጀምሮ ባሕር የሰጠህን ዓሣ ስትበላ እንጂ ሣር ስትግጥ አላየሁህም። ታዲያ አንተን የዚህ መሬት ሰው ነህ ብሎ የሸንጎ ወንበር የሰጠህ ማነው?»