ኬሲንጉ በቃ?

ሐመድ አማርኛ የተማረው አሶሳ ገበያ ማንጎ ሲሸጥ ነው። ገበያ ሰዋስው አያስተምርም፤ ሐመድም ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል። የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮው ኃላፊ ኢንጂነር ፌቨን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ቀን «እንኳን ደህና መጣህ ኢንጂነር» ሲላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሥራ በሰለቻት ቁጥር እየጠራች ታስወራው ነበር፣ ለመሳቅ። እሱም አብሯት ይስቃል። ሞኝ! ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ሲባል አልሰማም።

ሐመድን ደስ ያሰኘው ሌላ ነው። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በገዛ መንደሩ ነበር። ሚስቱ ነዕማ መውለጃዋ ተቃርቧል፤ እንዲያም ሆና ገደሉን ወርዳ ከወንዝ ትቀዳለች። የፊተኛውን ጽንስ ያጣችው እዚያው ዳገት ላይ ጄሪካን እንደተሸከመች ነው። «ይኼኛውን ስትወልጂ ውኃው ደጃፍሽ ነው፣ ወላሂ» ብሎ ምሎላታል። ለቁፋሮው ማሽን መግቢያ የሚሆን መንገድ ሲጠፋ፣ ጎረቤቶቹ የማንጎ ዛፋቸውን እንዲቆርጡ ቤት ለቤት ዞሮ የለመነውም እሱ ነው። ቆረጡለት።

ውኃው ተገኘ። የቀረው ጉድጓዱን ማልበስ ነበር። ኬሲንግ ይሉታል፤ ግድግዳው እንዳይናድ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቧንቧ ነው። የዚያ መሬት ታችኛው ክፍል ልል አሸዋ ስለሆነ ራቁቱን ከቀረ አይቆምም። ቧንቧው እየተቀጣጠለ ወረደ፣ ወረደ፣ ታች ሳይደርስ አለቀ። ፌቨን ደግሞ አሶሳ ናት። የማሽኑ ኦፕሬተር ጅረኛ፣ ሐመድን ጠራና «ኔትወርክ ያለበትን ቦታ አንተ ታውቃለህ። ኬሲንጉ አልቋል፣ ምን እናድርግ በላት» አለው።

ሐመድ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከወዲያ ሳቅና ጨዋታ ይሰማል።

«ኢንጂነር፣ ኬሲንግ...»

«ኬሲንጉ በቃ?» አለችው ቸኩላ።

መዘዙን አያችሁ? እሷ «ታች ድረስ በቂ ሆነ ወይ?» ማለቷ ነው። በሐመድ ቤት ዕቃ ሲያልቅም፣ ነገር ሲያበቃም፣ ሰው ሲጠግብም ቃሉ አንድ ነው፤ ኸላስ። ኸላስን ደግሞ ገበያው «በቃ» ብሎ ነው ያስተማረው። ማንጎው ተሸጦ ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን «በቃ» ይላል፣ ገዢውም ይሄዳል። እንዲያውም ሳይነግራት ስለገባት ደስ አለው።

«አዎ ኢንጂነር፣ በቃ። ኸላስ» አላት።

«ጎበዝ። በል፣ ፓምፑን ታች ድረስ አውርዱት።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሐመድ እየሮጠ ወረደ።

«አልቋል አልካት?» አለው ጅረኛ።

«በቃ አልኩት። ፓምፕ አውርድ አለኝ።»

ጅረኛ ጉድጓዱን አየ፣ ኮረብታውንም አየ። ነገሩ አልጣመውም፤ ዳገቱን ወጥቶ ራሱ መጠየቅ ግን አሰነፈው። «እሷ ካለች እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ፓምፑን አወረደ።

ውኃው ፈሰሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ነዕማም በጣሳ ተቀብላ ጠጣች። ጣሳው ሳይደርቅ ማሽኑ ያቃስት ጀመር። ውኃው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃው አሸዋ ሆነ፣ ከዚያ ምንም የለም። ቧንቧ ያልደረሰለት ግድግዳ ተንዶ ፓምፑን ቀብሮታል። በማግስቱ ጠዋት ፌቨን ስትደርስ መንደሩ ጉድጓዱን ከቦ ቆሞ ነበር።

«በቃ ብለኸኝ የለም ወይ?»

«በቃ አልኩህ። የለም፣ አለቀ፣ ባዶ» ብሎ ሐመድ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳያት።

ገባት። አልገባትም እንዳትሉኝ፤ በአማርኛው ስትስቅ የከረመች ሴት ምን ማለቱ እንደነበር ይጠፋታል? ግን ወደ አዲስ አበባ የምትዛወረው ይህ ጉድጓድ ካማረላት ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞረችና «ልጃችሁ ዋሽቶኝ ነው። ውኃችሁን የቀበረው እሱ ነው» አለች። ጅረኛ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል።

በቃ ምን እንደሆነ ያልለየ መንደር፣ ዋሸ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ዛፉን የቆረጠው ሁሉ ሐመድ እግር ሥር ተፋ። ሴቶቹ ወደ ወንዝ ሲወርዱ የሐመድን የቀርከሃ አጥር በባዶ ጄሪካን እየደበደቡ አለፉ። ነዕማም የራሷን ጄሪካን አንስታ ተከተለቻቸው። ሊከለክላት ፈለገ፤ በምን አፉ?

ማሽኑ ተጭኖ ሊሄድ ሲል የፌቨንን መኪና በር ያዘ። «ኢንጂነር፣ ሌላ ኬሲንግ አምጣ። እለምንሃለሁ። ሚስቴ ወንዝ ወርዷል።»

«በቃ፣ ሐመድ።»

ሐመድ ደነገጠ። ያንን ቃል ከእንግዲህ ሳያጣራ አይቀበልም። «የትኛው በቃ ነው የምትለው?» አላት፣ ከልቡ።

«ለሴት ‹የምትዪው› ነው የሚባለው» አለችና መስኮቱን ዘጋች።

መኪናው ሄደ። አቧራው ሲረግፍ ሴቶቹ ከወንዙ ዳገት ብቅ አሉ። አሁን አጥር የሚደበድብ የለም። ከኋላ ያሉት ነዕማን በነጠላ ተሸክመዋታል፤ ነጠላው ደም ነክቶታል። የፊተኛዋ የነዕማን ጄሪካን ሐመድ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ልጁስ?» አላት።

«ኸላስ» አለችው።

የትኛው እንደሆነ አልጠየቃትም።