የፍሬዘር ድልህ

«አንድ ጉርሻ ካልዋጥሽልኝ ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አልልም» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም፣ የጠቀለሉትን እንጀራ ከወይንሀረግ አፍ ፊት እንደያዙ። «አምስት ቀን ሙሉ በሻይ ብቻ! ቀብሩ ደግሞ ገና ነው። ልጅሽን በእግርሽ ቆመሽ እንዳትሸኚው ነው?»

«እትዬ፣ ይተዉኝ። አይወርድልኝም።»

«ይወርዳል።»

ወይንሀረግ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ፈረንጅ አገር ያለው ሰፈሯ ግሮሩድ እንደ ኅዳር ወጉ ገና ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጨልሟል። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮችና በሰው ጢም ብሏል። አገር ቤት ቢሆን ልጁ በማግስቱ ተቀብሮ፣ ሠልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑም ፈርሶ ነበር። እዚህ ኮሙኑ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ የሰጠው የቀብር ቀን ለመጪው ሳምንት ሐሙስ ነው። ለቀስተኛውም ገና ያልተቀበረ ሰው ቤት በአምስተኛው ቀን ምን እንደሚባል ግራ ገብቶት፣ ስለ ብርዱና ስለ ቤት ኪራይ ያወራል።

ከበሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሥራው ምን ነበር?»

«ሆቴል ነው አሉ።»

«ሪሴፕሽን?»

«እንጃ። እሷ ሆቴል ነው ነበር የምትለው።»

ወይንሀረግ ሰማች። እውነቱን ትናገር ከተባለ ልጇ መሃል ከተማው፣ ሴንትሩም ውስጥ ባለ የኮሪያ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። ያሳፈራት ግን ወጥ ሠሪነቱ አይደለም። አሳማው ነው።

ፍሬዘር እዚያ ቤት የገባው በሃያ ሦስት ዓመቱ ሳህን ሊያጥብ ነው። በዓመቱ ቢላዋ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ጎቹጃንግ ሆነ፤ ኮሪያዎች ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከአኩሪ አተር አብላልተው የሚያስቀምጡት ድልህ ነው። በዕረፍት ቀኑ የእናቱን ወጥ ቤት ይወርና ይሞክራል። አንድ ቀን ጣት ጣት የሚያካክል የሩዝ ሊጥ በዚያ ድልህ ሲንተከተክ ታገኛለች፤ ቶክቦኪ ይለዋል። ሌላ ቀን ሩዝ ላይ ጎመን፣ ካሮትና እንቁላል ይደረድርና መሃሉ ላይ አንድ ማንኪያ ቀይ ጣል አድርጎ እንደ ፍትፍት ያዋህደዋል፤ ይሄኛው ደግሞ ቢቢምባፕ ነው። ታናሽ እህቱ ብሩክታዊት ሳህኑን ትልሳለች። እናትየው አትነካም።

«እማ፣ አትክልት ብቻ እኮ ነው።»

«እጅህስ?»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ቀኑን ሙሉ አሳማ ሲከትፍ ውሎ። እኔ ከዚያ እጅ አልበላም።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ፍሬዘር እጁን አገላብጦ አየና ሳቀ፤ የሳቀው ግን ለእሷ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅመሺ ብሏት አያውቅም።

ባለፈው ግንቦት ግን አንድ ነገር ሊጠይቃት መጣ፦ ብቅል እንዴት እንደሚበቅል። ገብሱ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ በምን እንደሚጠቀለል፣ ሲበቅል እንዴት እንደሚሰጣ አንድ በአንድ ነገረችው። ጠላ ሊጥል መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ለካ ጎቹጃንጉም ብቅል ይገባበታል። አዲስ ድስት፣ አዲስ ማማሰያና አዲስ ማሰሮ ገዛ። ማሰሮውን በረንዳዋ ላይ አስቀምጦ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ክዳኑን እንድትከፍትለት አደራ አላት። የፈረንጁን በጋ ሙሉ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ዝንብ እንዳይገባበት በሻሽ አሰረችለት። አንድ ቀን እንኳ ጣቷን አልነከረችበትም።

ጥቅምት ላይ ሲደርስ በትልቅ የጠርሙስ ዕቃ ሞልቶ ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጠላት።

«ይሄ ያንቺ ነው» አላት። «ሥጋ የነካው ነገር አልነካውም። በጓንት ነው የሠራሁት።»

«ጎበዝ» አለችውና የፍሪጁን በር ዘጋች።

ስትቀምሰው ለማየት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቲባኑ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እንዳያመልጠው ሄደ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ላይ እያለ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሯል፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ከዚያች ቀን ወዲህ ወይንሀረግ የያዘችው ሐሳብ አንድ ነው። ቀብሩ ሲያልፍ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ያንን ዕቃ ብቻዋን ትከፍተዋለች። አንድ ማንኪያ ትቀምስና ይቅር በለኝ ትለዋለች። ለማንም አልተናገረችም። እህል እምቢ ያላትም ለዚሁ ነው። የልጇን እጅ ሳትቀምስ የሌላ ሰው እጅ እንዴት ይዋጥላታል?

«ወይንዬ፣ እጄ ዛለ» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

የትልቅ ሰው እጅ ሲንጠለጠል ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። አፏን ከፈተች።

ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ የምስር ወጥ ነበር። መጀመሪያ አቃጠላት። ከማቃጠሉ ሥር ጣፈጥ ያለ ነገር መጣ፣ ከእሱም ሥር እንደ ደረሰ ጠላ ኮምጠጥ የሚል። ማኘኳን አቆመች።

«ምንድን ነው የጨመሩበት?»

«ምን እጨምርበታለሁ! ለዚህ ሁሉ ሰው በርበሬው አልበቃ ቢለኝ፣ ፍሪጅሽ ውስጥ ከወደ ኋላ ያለውን ድልህ ገለበጥኩበት። እስቲ ንገሪኝ፣ ከአገር ቤት ማን ነው የላከልሽ? ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያስጨመረው። የሠራው እጅ ይባረክ።»

ብሩክታዊት ከሱቅ ዳቦ ይዛ መግባቷ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቀረች።

«አይ፣ ናይ» አለች። «እትዬ፣ ናይ፣ ያ የፍሬዘር ነው። እሱ ነው የሠራው።»

ወይዘሮ ወለተማርያም እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምን አጠፋሁ?» አሉ፣ አንዴ ልጅቷን አንዴ እናቲቱን እያዩ።

ወይንሀረግ በቁጣ ነደደች። ለብቻዬ ያለችውን፣ ለይቅርታዋ ያስቀመጠችውን፣ ይሄ ሁሉ ሰው በልቶ አፉን ጠርጓል። ውጡልኝ ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ግን ጉርሻው አፏ ውስጥ ነው። ልትተፋው አልሆነላትም። ቀስ ብላ አኝካ ዋጠችው።

«ልጄ ነው የሠራው» አለች፣ ከበሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች እንዲሰሟት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የኮሪያ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበር። ሆቴል ነው ብዬ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። ከእጁ ሳልበላለት ሄደ።»

ወይዘሮ ወለተማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ይኸው በላሽለት፣ ልጄ» አሉ።

«እሱ አላየኝም።»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች።

«የተረፈ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ድስቱ አልቋል። ዕቃውንም ላጥበው ብዬ አውጥቼዋለሁ።»

ወይንሀረግ በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደጋፊ ተነሳች። ወጥ ቤት ገባች፤ ብሩክታዊት ተከተለቻት። ዕቃው ከቆሸሹት ሳህኖች መሃል ቆሟል። ከውስጥ ዙሪያውን ስስ ቀይ ብቻ ቀርቶበታል። ቧንቧውን ከፍታ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ ጨመረችበትና እያዞረች አለቀለቀችው። ውሃው ቀላ። ብሩክታዊት ወደ ድስቱ የምትገለብጠው መስሏት ድስቱን አቀረበችላት።

ወይንሀረግ ድስቱን በክርኗ ገፋ አደረገችና ውሃውን ከነዕቃው አንስታ ጠጣችው።