የአሳራው ግመል

ዘመንን በዘመን የሚተካ፣ ሰው በልቡ የሸሸገውን ሳይነግሩት የሚያውቅ አምላክ፣ አምባው ያን ማለዳ የግመሉን ገመድ ሲፈታ ምን እንዳሰበ ያውቃል። እኛ የምናውቀው በደርግ ዘመን በመተማ ዮሐንስ የታየውን ብቻ ነው።

አምባው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። የሐጂ ኸሊፋን አሳራ፣ ግመል እየዞረ የሚያንቀሳቅሰውን የሰሊጥ መጭመቂያ፣ ይነዳ ነበር። ግመሉ አግዳሚውን ይዞ ሲዞር ዘነዘናው በትልቁ ሙቀጫ ውስጥ ሰሊጡን ያደቅቃል፤ ዘይቱም ይወርዳል። መዞሩ ራሱን እንዳያዞረው የግመሉ ዓይን በጨርቅ ይሸፈናል። ሐጂ እስላም ቢሆኑም፣ ከአባታቸው በወረሱት ልማድ፣ በየወሩ በሚካኤል ዋዜማ የሚወጣውን የመጀመሪያ ዘይት ለቤተ ክርስቲያኑ መብራት ይሰጡ ነበር። "ጎረቤቴ በጨለማ ተቀምጦ እኔ ፋኖስ አላበራም" ይሉ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሐጂ በናፍጣ የሚሠራ መጭመቂያ ከጎንደር አስመጡ። ሙሚና ሻይ በምትሸጥበት ጥላ ሥር ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ።

"ሞተር አይበላ፣ አያረጅ!" አለ ልብስ ሰፊው ዘሩ።

"አይበላም? ናፍጣውን ታዲያ ማን ሊጠጣው ነው? አንተ?" አለችው ሙሚና።

"ከተማ መሆናችን እኮ ነው። ጎንደር ሁሉ ነገር በሞተር ነው።"

"ጎንደር ሰዉም በሞተር ነው አሉ፤ ጎረቤቱ ሲሞት እንኳ አይቆምም።"

ሁሉም ሳቁ። አምባው ግን አልሳቀም። ሚስቱ ውባንች ልትወልድ ተቃርባለች፤ እንጀራቸውም መጠለያቸውም ከሐጂ ግቢ ነው።

"ሐጂ፣ እኔስ ምን እሆናለሁ?" ሲል ጠይቋቸው ነበር።

"ሞተሩን የምታስነሣው አንተ ነህ፤ ከቤትህም አትነሣም። ብቻ ግመሉን ለገላባቱ ሥጋ ነጋዴ አስረክብልኝ። ሁለቱን መቀለብ አልችልም።"

ስለዚህ ነበር ያን ማለዳ ገመዱን የፈታው።

ነጋዴው መተማን ከሱዳኗ ገላባት በሚለየው ደረቅ ወንዝ፣ በኾሩ አፋፍ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አምባው ግመሉን እየሳበ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ፤ ግመሉም ደነበረ። አምባው እንዲረጋጋለት ብሎ፣ ጨርቁን ከትከሻው አውርዶ እንደ ልማዱ ዓይኑን ሸፈነው። ግመሉ ግን ሥራ የተጀመረ መሰለው። አግዳሚ በሌለበት፣ ሙቀጫ በሌለበት፣ አምባውን መካከል አድርጎ በዝግታ መዞር ጀመረ።

"ያ ዙል! አንተ ሰው! የሸጣችሁልኝ ሥጋ ነው ወይስ ሰዓት?" አለ ነጋዴው እየሳቀ። "በዚህ አካሄድ ገላባት የምገባው ለዒድ ነው!"

መንገደኛውም አብሮት ሳቀ። አምባው ግመሉ በምን ቃል እንደሚቆም ያውቃል፤ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ የሚለው ቃል ነው። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣

"በቃ፣ ተባረክ" አለው።

ግመሉ ቆመ። አምባው ጨርቁን ፈታ፣ ገመዱን ለነጋዴው ሰጠ፣ ዞሮም ሳያይ ተመለሰ።

ግቢው ሲደርስ የቀበሌው ማኅበር ሊቀ መንበር አዛናው ሰዎች አሰልፎ የሐጂን ሞተር ወርሶ በጋሪ ያስጭናል። ከሚገፉት አንዱ ዘሩ ነበር።

"ግመል ያለው ሠርቶ አደር ነው፤ ሞተር ያለው ከበርቴ ነው" ይላል አዛናው። "ከእንግዲህ ለሰፊው ሕዝብ ይሠራል።"

"ልጄ አዛናው፣ ገና አንድ ቁና ሰሊጥ አልጨመቀልኝም። በምኑ ከበርሁ?" አሉ ሐጂ።

"ሊከብሩ ነበራ!"

ጋሪው ወጣ። ሐጂ ኸሊፋ አምባው ያለ ግመሉ መመለሱን ባዩ ጊዜ ግመሉን ሊያስመልሱ ወደ ኾሩ ገሠገሡ። ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

"ታርዷል" አሉ። ቆይተውም፣ "አምባው፣ ከእንግዲህ የምሰጥህ ሥራ የለኝም። ውባንች እስክትወልድ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ግቢውን ላከራየው ነው።"

አምባው ወደ አሳራው ገብቶ የግመሉን አግዳሚ በደረቱ ያዘና ገፋ። እንጨቱ እንደ ወትሮው ሲጢጥ አለ።

"ምን ሆነሃል? አንተ እኮ ሰው ነህ!" አሉ ሐጂ።

"ሰው መሆኔ ሥራ አልሰጠኝም፣ ሐጂ። ነገ ሚካኤል ነው። ሰሊጡን ይጨምሩ።"

ሐጂ ሰሊጡን በእፍኛቸው ጨመሩ። አምባው ጥቂት እንደ ዞረ ምድር ተገለባበጠችበት፤ ምሰሶውን ተደግፎም ቆመ። ከዚያ የግመሉን ጨርቅ ከትከሻው አወረደ፤ ገና የግመሉ ላብ ይሸት ነበር። ዓይኖቹን በጨርቁ አሠረና እንደገና መዞር ጀመረ። የመጀመሪያው ዘይት ጠብ አለ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ "በቃ፣ ተባረክ" የሚለውም ሰው አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ለድካም ሁሉ ወሰን የሠራ ጌታ ቤትህን ይጠብቅ፤ በደጃፍህ የሚደክም ሁሉ ሲመሽ "በቃ፣ ተባረክ" የሚለው አንደበት አይጣ። አሜን።