አናጢው ለውሻው የሠራው ቤት

የሰፈራችን አናጢ ውሻ አለኝ ይላል። ውሻው ግን አናጢ እንዳለው የሰማ አይመስልም። ጠዋት ሥጋ ቤቱ በር ላይ፣ ቀን ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ይውላል፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ አናጢው ዘንድ ገብቶ ሰጋቱራ ላይ ይተኛል። አናጢው ይኼንን ፍቅር ይለዋል።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ፣ “ጋሼ፣ ያንተ ከሆነ እስቲ አንዴ እዘዘውና እንይ!” ሲለው ደሙ ፈላ። የሰው ቁም ሣጥን በጅምር ትቶ፣ በዚያው እንጨት የውሻ ቤት ሠራ። መስኮት ሳይቀር አወጣለት። ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦም “ግባ!” ብሎ አዘዘ።

ውሻው ቤቱን ዞሮ አሸተተ፤ ማዕዘኑ ላይ ሸናበትና ቁጭ አለ።

“በሩን አላወቀውም እኮ፤ ላሳየው” አለና አናጢው በእጁና በጉልበቱ ድሆ ገባ። ትከሻው አለፈ፤ ቦርጩ ግን በሩ ላይ ተቀረቀረ።

ሚስቱ የጎረቤቱን ሳቅ ሰምታ ወጣች። “ምነው አንተ ሰው፣ የኔ ቤት ጠበበህ?”

“ዝም ብለሽ ጎትቺኝ!”

“ቆይ እንጂ” አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ “ጌታውማ ከሆንክ ጥራው፤ ይደርስልሃል።”

አናጢው ከውስጥ አፏጨ። ውሻው ጆሮውን አቆመ። እኛም እውነት ለመናገር ትንፋሻችንን ዋጥን። ውሻው ግን ደጅ የቀረውን ሱሪ ትንሽ አየት አድርጎ፣ እያዛጋ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ።

“መጣ?” አለ አናጢው ከውስጥ።

ሚስቱ መጋዙን አነሣች።

“እየመጣ ነው” አለችው፤ “ብቻ አትነቃነቅ።”